ባለ አራት መስመር ደረሰኝ፦ የትራይግሊሰራይድ ምርመራ በምሥራቅ አዲስ አበባ

ከመገናኛ ወደ ገርጂ፣ ከጃክሮስ ወደ ሰሚት፣ ከሲኤምሲ ወደ አያት በሚወስዱት መንገዶች ዳር ክሊኒክና ላብራቶሪ ከካፌና ከባንክ ጋር እየተጋፋ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በእነዚህ ቤቶች ወረፋ ይዞ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ የታመመ አይደለም። ብዙው አርባን የተሻገረ፣ የሥራ ባልደረባው ድንገት ሲወድቅ አይቶ «እስቲ እኔም ልታይ» ብሎ ቁርሱን ሳይቀምስ የመጣ ነው። ካርድ ያወጣል፣ ካሸር ጋር ይከፍላል፣ ክንዱን ዘርግቶ ደም ይሰጣል። በእጁ የቀረው ደረሰኝ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ጉበት ይልና ወደ ታች ሲወርድ አራት መስመር ይከተላል፦ ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤል፣ ኤልዲኤል፣ ትራይግሊሰራይድ።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ሲመጣ «ከፍ ብሏል» የሚል ምልክት የሚለጠፍበት ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ነው። ሰውየውን የሚያስደነግጠውም እሱ ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ ከአራቱ ቁጥሮች ሐኪሙ ውሳኔውን ለመስጠት ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚያየው ይኸው መሆኑ ነው።

ትራይግሊሰራይድ ሰውነት ጉልበት የሚያጠራቅምበት የስብ ዓይነት ነው። ከምግብ በቀጥታ ይመጣል፤ ጉበትም ከተረፈው ስኳርና ስታርች ይሠራዋል። ብዙ ሰው ውጤቱን እንዳየ ጥፋቱን በቅቤና በጥሬ ሥጋ ላይ ያላክካል። በእርግጥ ቅባት የበዛበት ምግብ ቁጥሩን ለሰዓታት ከፍ ያደርገዋል። ሲውል ሲያድር ግን ይበልጥ የሚያከማቹት ለስላሳ መጠጥ፣ ቢራ፣ ነጭ ዳቦ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና በቦርጭ ዙሪያ የተቀመጠው ክብደት ናቸው። በላብራቶሪ ውስጥ አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ሪኤጀንት የተባለው የመመርመሪያ ኬሚካል ስቡን ሰባብሮ ግሊሰሮል የተባለውን ክፍል ያወጣል፤ ከዚያ በተከታታይ የኬሚካል እርምጃዎች ቀለም ይፈጠራል፤ ማሽኑ የቀለሙን ድምቀት ይለካና ቁጥር ይሰጣል። ከ150 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ደህና ነው። ከ150 እስከ 199 ድንበር ላይ፣ ከ200 እስከ 499 ከፍተኛ፣ ከ500 በላይ እጅግ ከፍተኛ ይባላል።

ቁጥሩ በከተማው ጎልቶ መታየቱ የላብራቶሪዎች ፈጠራ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከጤና ሚኒስቴርና ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ባካሄደው «ስቴፕስ» የተባለ አገር አቀፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለው 5.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ትራይግሊሰራይዳቸው ከ150 ያለፈው ግን 21 በመቶ ናቸው። «ጥሩው» የሚባለው ኤችዲኤል ዝቅ ብሎ የተገኘባቸው ደግሞ 68.7 በመቶ ደረሱ። ስለ ኮሌስትሮል የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የመጣው የዚህ ተቃራኒ ከሚታይባቸው፣ «መጥፎው» የሚባለው ኤልዲኤል ዋና ችግር ከሆነባቸው አገሮች ነው። በእኛ አገር ሥዕሉ ሌላ ነው፤ ኮሌስትሮሉ ዝቅተኛ፣ ኤችዲኤሉም ዝቅተኛ፣ ትራይግሊሰራይዱ ግን ከአምስት ሰው በአንዱ ከፍ ያለ። ስታርች የሞላበት፣ ስብ ያነሰበት ገበታ ትራይግሊሰራይድን ከፍ፣ ኤችዲኤልን ዝቅ እንደሚያደርግ በሌሎች አገሮችም በተደጋጋሚ ታይቷል።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሠራተኞችና በመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ነበር። 1,935 ሰዎች ተካተውበታል። የወገብ ስፋት፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኤችዲኤልና ትራይግሊሰራይድ ከሚባሉት አምስት መለኪያዎች ሦስቱ የተበላሹበት ሰው «ሜታቦሊክ ሲንድረም» አለበት በሚለው ሚዛን 12.5 በመቶው ተይዘዋል፤ የወገብን ስፋት ግዴታ በሚያደርገው በሌላው ሚዛን ደግሞ 17.9 በመቶ። ሁለቱም የሥራ ዘርፎች በአብዛኛው ወንበር ላይ ወይም ክፍል ውስጥ የሚያውሉ ናቸው። ዛሬ በቦሌ ፎቆች ውስጥ የሚሠራው፣ ማታ በመኪና ተሰልፎ ወደ ሰሚትና ወደ አያት ኮንዶሚኒየም የሚመለሰው ሰው ከእነዚያ ሠራተኞች የተሻለ ይንቀሳቀሳል ብሎ መከራከር ያዳግታል። እንግዲህ ምርመራው የሚፈለግበት ምክንያት አለ። ጥያቄው የሚነሳው ስለ አጠያየቁና ስለ ሒሳቡ ነው።

ወደ ደረሰኙ እንመለስ። አንዳንዱ ቤት አራቱን በአንድ ላይ «ሊፒድ ፕሮፋይል» ብሎ በአንድ ዋጋ ያስከፍላል። ሌላው እያንዳንዱን በየመስመሩ ዋጋ ይሰጠዋል፤ ድምሩም ከጥቅሉ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ ተገልጋዩ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ኤልዲኤል በማሽን ሳይለካ በስሌት ብቻ ሊገኝ ይችላል። ፍሪድዋልድ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጡት ቀመር ቀላል ነው፦ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን መቀነስ፣ ቀጥሎ ትራይግሊሰራይድን ለአምስት አካፍሎ ያንንም መቀነስ። ጠቅላላው 210፣ ኤችዲኤሉ 40፣ ትራይግሊሰራይዱ 250 የሆነ ሰው ኤልዲኤሉ 120 ይመጣል። ይህን ለማግኘት ሪኤጀንት አያስፈልግም፤ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። አንዳንድ ላብራቶሪ ኤልዲኤልን በራሱ ሪኤጀንት በቀጥታ ይለካል፣ ለዚያም ማስከፈሉ ተገቢ ነው። ሌላው አስልቶ ያወጣዋል። ደረሰኙ ግን የትኛው እንደሆነ አይናገርም። የተሰላው እንደተለካው ተቆጥሮ በራሱ መስመር ዋጋ ከወጣለት፣ ሰውየው የከፈለው ለሒሳብ ሥራ ነው ማለት ነው።

ቀመሩ ድንበርም አለው። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍ ስሌቱ ይሳሳታል፤ ኤልዲኤልን በቀጥታ መለካት እውነተኛ ምክንያት የሚያገኘው ያኔ ነው። በቅርብ ዓመታት፣ በ2013 እና በ2020 እ.ኤ.አ.፣ የተሻሻሉ ቀመሮች ወጥተዋል፤ የኋለኛው እስከ 800 ድረስ ይሠራል። ከነጭራሹ ትራይግሊሰራይድን የማይፈልግ ሌላ መንገድም አለ። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ቀንሶ የቀረውን፣ ማለትም «መጥፎ» የሚባሉትን ሁሉ በአንድ ላይ ማየት። ከላይ ባለው ምሳሌ 170 ይመጣል። ሁለት ምርመራ፣ አንድ ቅነሳ፤ መብላት አለመብላቱም ለውጥ አያመጣም። ኪሱ ለሳሳ ሰው ይህን የሚነግረው ግን እምብዛም ነው።

አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን በሕክምና ሒሳብ መማረራቸው የታወቀ ነው፤ ስለዚህች ጉዳይ ግን ያ አገር ጥብቅ ሕግ አለው። ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤልና ትራይግሊሰራይድ በአንድ ቀን ከተሠሩ 80061 በሚባል አንድ የክፍያ ኮድ ተጠቅልለው ነው የሚጠየቁት። ትራይግሊሰራይድ የራሱ ቁጥር ቢኖረውም፣ 84478፣ ሦስቱን በታትኖ በየስማቸው ማስከፈል አይፈቀድም። የተሰላ ኤልዲኤል ለብቻው ክፍያ የለውም። በቀጥታ ለተለካው የተለየ ኮድ ቢኖርም ከፋዩ «ለምን አስፈለገ?» ብሎ ይጠይቃል። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን መድን የልብ በሽታ ምልክት ለሌለው ሰው ይህን የማጣሪያ ምርመራ የሚሸፍነው በአምስት ዓመት አንዴ ነው። ኮዱ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ከጎኑ የበሽታው ወይም የምክንያቱ ኮድ ካልተጻፈ ገንዘቡ አይለቀቅም። ያ አሠራር የራሱ ጣጣ አለው፤ ቢሆንም ሐኪሙ ለምን እንዳዘዘ በወረቀት ላይ እንዲያሰፍር ያስገድደዋል።

አዲስ አበባ ላይ ያንን የሚጠይቅ ከፋይ የለም፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ከፋዩ ራሱ ታካሚው ነው። የአገሪቱ የጤና ወጪ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከጠቅላላው ወጪ አንድ ሦስተኛ ገደማው በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ የሚወጣ ነው። የመንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞችን ያቅፋል የተባለው የማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ከታወጀ በኋላ ለዓመታት ሲራዘም ኖሯል። በቦሌ መሥሪያ ቤቶች የተለመደው ሌላ ነው። ሠራተኛው ከኪሱ ይከፍላል፣ ደረሰኙን ለሰው ኃይል ክፍል ያስገባል፣ እስከ ዓመታዊው ጣሪያ ድረስ ይመለስለታል። ወይም መሥሪያ ቤቱ ከአንድ ሆስፒታል ጋር ውል ይገባና ሠራተኛው በደብዳቤ ይታከማል። በሁለቱም መንገድ ሒሳብ ሹሙ የሚያየው ማኅተሙን፣ ቀኑንና ድምሩን ነው። እያንዳንዱ መስመር ለምን እንደገባ መጠየቅ የእሱ ሥራ አይደለም።

ላብራቶሪዎቹን ብቻ መውቀስም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሪኤጀንቱ፣ የማሽኑ መለዋወጫ፣ ማስተካከያ የሚሆነው ናሙና ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ዘለለ። ብዙ ማሽን ደግሞ የሚሠራው በአምራቹ ሪኤጀንት ብቻ ስለሆነ ርካሹን ፈልጎ መቀየር አይቻልም። የሕክምና አገልግሎት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ መሆኑ የታካሚውን ሸክም በጥቂቱ ያቀልላል፤ የግል ላብራቶሪው ዋጋውን የሚተምነው ግን ራሱ ነው። ከተማዋ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የአዲስ አበባ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚያየው ክፍሉን፣ ባለሙያውንና መሣሪያውን ነው።

ሌላው ነገር ባዶ ሆድ ነው። «ሳይበሉ ይምጡ፣ 12 ሰዓት» የሚለው ትእዛዝ በየላብራቶሪው ደጃፍ እንደ ሕግ ይነገራል። ዴንማርክ ግን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደም ስብ ምርመራ ሳይጾሙ እንዲሠራ መክራለች፤ የእንግሊዝ መመሪያም በ2014 ተከተለ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውሮፓ የደም ሥር ጥናት ማኅበርና የአውሮፓ የክሊኒካል ኬሚስትሪ ፌዴሬሽን በጋራ ባወጡት መግለጫ ለመደበኛ ምርመራ መጾም እንደማያስፈልግ አስታወቁ። ምክንያታቸው በቁጥር የተደገፈ ነው። ሰው እንደወትሮው በልቶ ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትራይግሊሰራይዱ በአማካይ ቢበዛ በ26 ሚሊግራም ነው የሚጨምረው። ከላይ ባየነው ሰውዬ 250ው ወደ 276 ቢወጣ፣ የተሰላው ኤልዲኤል ከ120 ወደ 115 ዝቅ ይላል። በዚህ ልዩነት የሚለወጥ ሕክምና የለም። ሳይጾሙ የተሠራው ከ440 በላይ ከሆነ ብቻ በባዶ ሆድ ይደገም ይላሉ።

ይህ ለአዲስ አበባ ሰው የቅንጦት ክርክር አይደለም። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ ከአያት ተነስቶ፣ ታክሲ ጠብቆ፣ በገርጂ ወረፋ ይዞ እስከ አራት ሰዓት ባዶ ሆዱን ሲቆይ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመው ምእመን፣ በረመዳንም ቀኑን ሙሉ ምግብ የማይቀምሰው ሙስሊም ከሰዓት በኋላ ቢመጣ «ጠዋት ነው የምንቀበለው» ይባላል፤ ከማንም በላይ ሆዱ ባዶ የሆነው ግን እሱ ነው። ከፋሲካ ዶሮና ጠላ በማግሥቱ የተሰጠ ደም ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሰውየው እንዴት እንደኖረ አይናገርም። ትራይግሊሰራይድ ያለ ዓመት በዓልም ቢሆን ተለዋዋጭ ነው፤ በአንድ ጤነኛ ሰው ላይ ከቀን ወደ ቀን 20 በመቶ ገደማ ይዋዥቃል። ኮሌስትሮል ግን ከአምስትና ከስድስት በመቶ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ዛሬ 165፣ በሚቀጥለው ወር 140 ያመጣ ሰው ዳነ ማለት አይደለም፤ ታሞም አልነበረም ይሆናል። በአንድ ውጤት ብቻ መድኃኒት መጀመር የሚያስገርመው ለዚህ ነው።

ሐኪሙስ በቁጥሩ ምን ያደርግበታል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያሻሻላቸው የልብና የደም ሥር በሽታ ስጋት ሠንጠረዦች ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ገጽ አላቸው። የሚጠይቁት ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሲጋራ፣ የላይኛው የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ መኖር አለመኖርና ጠቅላላ ኮሌስትሮል ነው። ላብራቶሪ ለሌለበት ቦታ ደግሞ ኮሌስትሮሉን ትተው በክብደትና በቁመት የሚሠሩ አሉ። ትራይግሊሰራይድ በሁለቱም ውስጥ የለም። ለአርባ አምስት ዓመቱ የቦሌ ሰው የሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ስጋት ሲለካ ትልቅ ቦታ ያለው በነፃ የሚለካው የደም ግፊቱ ነው።

መድኃኒቱም እንደ ቁጥሩ አልታዘዘም። ፋይብሬት የሚባሉት ክኒኖች ትራይግሊሰራይድን በደንብ ያወርዳሉ። ከ5,500 በላይ የስኳር ሕመምተኞች የተካፈሉበትና በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው «አኮርድ» ጥናት ግን ፌኖፋይብሬት የተባለው ፋይብሬት ኮሌስትሮል ከሚቀንሰው ስታቲን ጋር ተጨምሮ የልብ አደጋንም ሆነ ስትሮክን እንዳልቀነሰ አሳየ። በ2022 «ፕሮሚነንት» የተባለው ከ10,000 በላይ ሰዎች የያዘ ጥናት በአዲስ ዓይነት ፋይብሬት ቁጥሩን በ26 በመቶ ገደማ አውርዶ የልብ አደጋውን ሳይነካው ቀረ። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚልከው፣ ቦሌ መድኃኒት ቤቶችም የሚደረድሩት የዓሣ ዘይት እንክብል ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። «ሪዱስ ኢት» በተባለው ጥናት በቀን አራት ግራም የተጣራ የኦሜጋ 3 መድኃኒት የልብ አደጋን በ25 በመቶ ቀነሰ ተባለ። ማነጻጸሪያው የማዕድን ዘይት መሆኑ ጥያቄ አስነሳ፤ ሌላ የበቆሎ ዘይት ያነጻጸረ ትልቅ ጥናት በ2020 ምንም ጥቅም አላገኘም። በጠርሙስ የሚሸጠው ተራ እንክብል ከሁለቱም ጥናቶች መድኃኒት ጋር በመጠንም በጥራትም አይገናኝም። ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ስኳር በሌለው ሻይና በቀን የአርባ ደቂቃ እርምጃ ቢተካ ትራይግሊሰራይዱ ይበልጥ ሊወርድ ይችላል፤ ቢራ የሚያዘወትር ሰው ደግሞ እሱን ብቻ ቢያቆም ለውጡን በሳምንታት ያያል።

ምርመራው ነፍስ የሚያድንበት ቦታ ግን አለ። ሌሊት በድንገተኛ ክፍል ከእምብርቱ በላይ ጀምሮ እስከ ጀርባው የሚወጋው፣ የሚያስመልሰው ሕመምተኛ ሲመጣ የቆሽት መቆጣት ሊሆን ይችላል። ከሐሞት ጠጠርና ከአልኮል ቀጥሎ ዋናው መንስኤ እጅግ ከፍ ያለ ትራይግሊሰራይድ ነው። ስጋቱ ከ500 በላይ ይጀምራል፤ ከ1,000 ሲያልፍ ጠንከር ይላል። ያኔ የደሙ ፈሳሽ እንደ ወተት ነጭቶ ስለሚወጣ ቴክኖሎጂስቱ ገና ማሽኑ ውስጥ ሳያስገባው በዓይኑ ያውቀዋል። ነጭነቱ ሌሎች ምርመራዎችን ያሳስታል፤ የሶዲየም ውጤት በሐሰት ዝቅ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ሳያውቅ የቆየ የስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ ማነስ፣ የኩላሊት ችግር፣ ስቴሮይድና አንዳንድ የቀድሞ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ሰውን እዚህ ደረጃ ያደርሳሉ። እንዲህ ላለው ታካሚ ቁጥሩ ዛሬውኑ ያስፈልጋል፤ ከነገ ወዲያም እንደገና።

አስቸጋሪው ነገር ምርመራው በብዛት የሚሠራው ለዚህ ታካሚ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ቆይቶ አዲስ አበባ ገብቷል። አባሉ መዋጮውን ከፍሎ በጤና ጣቢያና በመንግሥት ሆስፒታል ይታከማል። የአባላቱ ተደጋጋሚ ምሬት ግን አንድ ነው፦ «ሪኤጀንት የለም፣ ውጪ አሠሩ።» ውጪ ማለት ያው የግል ላብራቶሪ ነው፤ መድኑ የማይከፍለው፣ ደረሰኙን የሚመልስ መሥሪያ ቤት የሌለው። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ በተመሠረተው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በኮንዶሚኒየም የሚኖር የስኳር ሕመምተኛ ጡረተኛ እና ሁለት ፌርማታ ርቆ ቅዳሜ ቼክአፕ የሚያሠራው የድርጅት ሠራተኛ የሚከፍሉት ዋጋ አንድ ነው። የመጀመሪያው ይህን ምርመራ በዓመት አንዴ ቢያገኝ ለሕክምናው ይጠቅማል፤ ሁለተኛው ካለፈው ዓመት ውጤቱ ደህና ከነበረ ዘንድሮ ሊዘለው ይችላል።

ለዚህ የሚሆን እርምት ትልቅ አዋጅ አይጠይቅም። የማዘዣ ወረቀቱ ላይ «ምክንያት» የሚል አንድ ክፍት ቦታ ማስገባት፣ ኤልዲኤሉ «የተሰላ» ወይም «የተለካ» መሆኑን በውጤቱ ላይ መጻፍ፣ አራቱን በአንድ ጥቅል ዋጋ መሸጥ፣ የጠዋት ባዶ ሆድ ግዴታን ለሚያስፈልገው ብቻ መተው። ውል የሚገቡ መሥሪያ ቤቶች እነዚህን በሚቀጥለው ዓመት ውላቸው ላይ ቢጠይቁ ላብራቶሪዎቹ እምቢ የሚሉበት ምክንያት አይኖራቸውም፤ ሁለቱ የወረቀት፣ አንዱ የዋጋ ዝርዝር፣ አንዱ የሰዓት ጉዳይ ናቸውና። የሚከብደው ሌላው ነው፤ በመንግሥት ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ላብራቶሪ ውስጥ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ የትራይግሊሰራይድ ሪኤጀንት ሳይቋረጥ እንዲገኝ ማድረግ።